ሙክታርና ለሐዋ እጅ የታዘዘው ጎርፍ

«ሙክታር እኮ ጅግጅጋ ገባ!» አለኝ ባለ ባጃጁ፣ ገና ከታይዋን ገበያ ሳንወጣ።

«የቱ ሙክታር?» አልኩት። ድሬ ላይ «ሙክታር!» ብለው ቢጣሩ ግማሹ መንገደኛ ዞር ይላል።

«ያ ጎማ የሚያየው ነዋ! አንድ ቀን እዚህች ጋ አስቁሞኝ ‹ቀስ ብለህ ንዳ› አለኝ፤ ከዚያ ጎንበስ ብሎ ጎማዬን እያየ ከጎኔ መሮጥ! ሰው ሁሉ ‹ሰውየው አበደ› ሲል ነበር። ትናንት ዕቃውን ጭኖ ሚስቱን ተከትሎ ሄደ። አስቢው እስቲ፣ ወንድ ልጅ ሚስቱን ተከትሎ! አቦ፣ ድሬ አለቀላት!»

ሳቄ አመለጠኝ። እንደሚሄዱ አውቅ ነበር፤ ግን ከዒድ በኋላ ነው ብሎኝ ነበር። ስንብት አይችልም፤ ሰው አቅፎ መለየት ሞቱ ነው። ለዚህ ነው ሹልክ ያለው። ስልኩን ሞከርኩ፣ ዝግ ነው። እሺ፣ ይሁን! እሱ ከሸሸኝ እኔ ደግሞ ስሙን አነሳዋለሁ፤ እዚያ ጅግጅጋ ሻይ ሲጠጣ ትን ይበለው!

ሙክታር ሳይቅም የሚመረቅን ብቸኛው የድሬ ሰው ነው። ይሄን ያልኩት እኔ አይደለሁም፤ አገር ያወቀው ነው። ከምሳ በኋላ ፀሐይዋ አናት ስትበሳ ከተማው በሩን ገርበብ ያደርግና ጫቱን ይዞ ጋደም ይላል። ሙክታር የሚነሳው ያኔ ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሽርጡን ታጥቆ፣ መነጽሩን በክር አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ ይወጣና በሩ ላይ ሆኖ «አገኘሁት! ወላሂ አገኘሁት!» ይላል። ምን እንዳገኘ ለማወቅ መጀመሪያ ውሃ ማጠጣት ነበረብን።

የምንሠራበት ቤት ታይዋን አካባቢ ፎቅ ላይ ነው። ከሥራችን ያሉት የስፒከር ሻጮች ቀኑን ሙሉ ሙዚቃ ይለቁብናል፤ ከላያችን ቆርቆሮው ይንጣጣል። ባለቤቱ ኤፍሬም ይባላል፤ የሠርግ ቪዲዮ ከመቁረጥ ተነስቶ ነው እዚህ የደረሰው። የሱቅ ማስታወቂያ፣ የሕፃናት መዝሙር፣ የመሥሪያ ቤት መልእክት፣ የመጣውን ሁሉ ሥለን በኮምፒውተር እናንቀሳቅሳለን። እኔ ብርቱካን እባላለሁ፤ የማንቀሳቅሰው እኔ ነኝ። ስለ እኔ ይሄ ይበቃል።

ሙክታር የመጣው ደንበኛ ሆኖ ነው። ያኔ የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ መምህር ነበር። ለተማሪዎቹ የሚያሳየው አንዲት የምትንከባለል ክብ እንድንሠራለት ፈልጎ ነው የመጣው። ኤፍሬም ሲሠራለት ከጀርባው ቆሞ ያያል። በዚህ ሶፍትዌር የሚንቀሳቀስ ነገር ሁሉ ቁጥር አለው፤ የት ቦታ ነው፣ ምን ያህል ዞሯል፣ ምን ያህል ደምቋል የሚል። እኛ ያንን ቁጥር በእጃችን ነው የምንለዋውጠው። በዚህ ሰከንድ እዚህ ነው፣ በዚያኛው እዚያ ነው እያልን ምልክት እናደርጋለን፣ መሀሉን ኮምፒውተሩ ይሞላዋል። ኪፍሬም ይባላል። ሙክታር ግን ጣቱን ስክሪኑ ላይ ቀስሮ፣ «ከቁጥሩ ጋር ያለችው ትንሽ ሳጥን ምንድን ናት?» አለ።

«እሷ ኤክስፕሬሽን የሚጻፍባት ናት። በቁጥር ፈንታ ቀመር መጻፍ ይቻላል። እኛ ብዙም አንነካትም» አለው ኤፍሬም።

«ቀመር? እዚህ ውስጥ? ሳይን ብጽፍ ይገባዋል?»

«ሞክረው።»

ወንበር ሳበ። ሳይን ጻፈ፣ ጊዜን አስገባበት፣ በመቶ አባዛው። ያቺ ክብ ማንም ሳይነካት ወደ ላይ ወደ ታች፣ ወደ ላይ ወደ ታች ማለት ጀመረች። ሙክታር መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ። «ስንት ዓመት ይሄን ነገር በጠመኔ ሰሌዳ ላይ ሳስተምር ኖሬ፣ ሲተነፍስ ያየሁት ዛሬ ነው!» አለና እንባው መጣ። ወላሂ ብዬ ልማልልህ አንባቢ፣ ሰው በሳይን ሲያለቅስ ያየሁት የዚያን ቀን ብቻ ነው። በማግስቱም መጣ። በሳምንቱም መጣ። ትምህርት ሲዘጋ ጭራሹኑ ጠቅልሎ እኛ ጋ ገባ።

መጀመሪያ ያበሳጨኝ በባጃጅ ነው። ለአንድ ጎማ ሻጭ ማስታወቂያ አንዲት ሰማያዊ ባጃጅ ሥዬ ጎማዋን በእጄ እያዞርኩ ነበር። ከኋላዬ መጥቶ «ኧረ በአላህ! ይቺ ባጃጅ እየሄደች ነው እየተጎተተች?» ብሎ ጮኸ።

«እየሄደች ነዋ! ጎማው ሲዞር አታይም?»

«ይዞራል እንጂ መንገዱን አያውቀውም! ንገሪኝ ብሬ፣ ጎማ በምን ይታዘዛል?»

ይቺ ጥያቄ የእሱ ናት። መጋረጃ ቢያይ፣ ጭስ ቢያይ፣ አረማመድ ቢያይ «በምን ይታዘዛል?» ይላል። አንድ ነገር ሲንቀሳቀስ ያንቀሳቀሰውን ሌላ ነገር ካላገኘ እንቅልፍ የለውም።

«በሾፌሩ!» አልኩት ልገላገለው ብዬ።

«ሾፌሩ የሚነዳው ባጃጁን ነው። ጎማው የሚታዘዘው በተጓዘችው መንገድ ነው! መንገዱን ለጎማው ዙሪያ አካፍይ፣ በሦስት መቶ ስልሳ አባዢ፣ በቃ! እጅሽን አንሺ፣ ይሄ በእጅ የሚሠራ አይደለም!» ገፋ አድርጎኝ ተቀመጠና አንዲት መስመር ጻፈ። ባጃጇን ስንለቃት ወደ ፊት ትሄዳለች፣ ጎማዋ ወደ ኋላ ይዞራል። ኤፍሬም ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ጠረጴዛ ያዘ። ሙክታር ግን ቅንጣት አላፈረም፤ «የመቀነስ ምልክት ረስቻለሁ፣ መቀነስ ብቻ ናት!» አለና ጨመረባት። ከዚያ በኋላ ባጃጇን ባፈጥናት፣ ባቆማት፣ ወደ ኋላ ብወስዳት ጎማው ራሱ እያወቀ ይከተላታል። ብስጭቴ የት እንደገባ አላውቅም። «እስቲ ሌላ! ሌላ ነገር እሰርልኝ!» ስለው ነው ራሴን ያገኘሁት።

ከዚያ ወዲያ ከሱ ጋር ታይዋን መሄድ መከራ ሆነ። ሸቀጥ አያይ! በገመድ የተሰቀለ ልብስ ፊት ይቆማል፣ የመጀመሪያውን ሸሚዝ ገፋ ያደርጋል፣ ንቅናቄው ከአንዱ ወደ አንዱ ሲሄድ ያያል። «አየሽ? ሁለተኛው የመጀመሪያውን ነው የሚከተለው፤ ግን ትንሽ ዘግይቶ! ሦስተኛው ሁለተኛውን! አንዱን ካንቀሳቀስሽ ሌላውን አትነኪም!» ሻጩ ትዕግሥቱ ያልቅና፣ «ዋሪያ! ትገዛለህ ወይስ ልብሴን ታስጨፍራለህ?» ይለዋል። ሙክታር በሶማልኛ ይቅርታ ይጠይቃል፣ በኦሮምኛ ያሾፋል፣ በአማርኛ ለእኔ ያስረዳል፤ መጨረሻ ላይ ሻጩም ራሱ ሸሚዙን እየገፋ «ከካልሲ ጋርስ ይሠራል?» ብሎ ይጠይቀዋል። እንዲህ ነው ሙክታር። የነካው ሰው ሁሉ የሱ በሽታ ይጋባበታል።

እዚያው ታይዋን ጫፍ ላይ ሚስቱ ሐዋ የመጋረጃ ስፌት ሱቅ ነበራት። ሐዋ አትሰማም። ልጅ ሆና በበሽታ ነው ጆሮዋ የጠፋው፤ ስለዚህ ስታወራ ድምፅ አላት፣ ቀጠን ብሎ ላይ ላይ የሚሄድ። በእጇም ታወራለች፤ ከንፈርም ታነባለች። ድሬ ላይ ከንፈር ማንበብ ደግሞ ምን ማለት እንደሆነ ሐዋን ጠይቁ! እኛ ሰላምታውን በኦሮምኛ ጀምረን፣ ወሬውን በአማርኛ አድርገን፣ ቁጣውን በሶማልኛ ነው የምንጨርሰው። ሐዋ መጀመሪያ አፍህ የየትኛው ቋንቋ እንደሆነ መለየት አለባት። መሀል ላይ ከቀየርክባት ክንድህን መታ ታደርግህና አንድ ጣቷን ታቆማለች፤ «አንዱን!» ማለቷ ነው። እሷ ፊት ስናወራ ሁላችንም ጨዋ እንሆናለን። እኛ ድሬዎች አንቱታ ብዙ አንወድም፤ ለሐዋ ብቻ ግን ቀጥ ብለን፣ ፊታችንን አዙረን፣ ቃሉን ለይተን ነው የምንናገረው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ፤ ልቤ እየዘለለ ነው።

ዝናቡ ሊገባ ሲል አንድ መሥሪያ ቤት የጎርፍ ማስጠንቀቂያ ፊልም አዘዘን። ደቻቱን የሚያውቅ ያውቃል፤ ከተማችንን ለሁለት የሚከፍል ደረቅ ወንዝ ነው። ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ነው። ነጋዴው ይዘረጋበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ከተማው ላይ ፀሐይ ወጥቶ ሳለ ተራራው ላይ ዝናብ ከጣለ፣ ያ አሸዋ ባላሰቡት ሰዓት ውሃ ይሆናል። መልእክቱ ይሄ ነበር፤ ተራራው ከጠቆረ፣ እዚህ ባይዘንብም፣ ከአሸዋው ውጡ። በሦስት ቋንቋ እንዲሆን፣ ትምህርት ቤት ለትምህርት ቤት እንዲታይ ተባለ።

ቀይ ሻርፕ ያሰረች አንዲት ልጅ ሣልኩ። አሸዋው ላይ ቆማ ለሰው ሁሉ የምትናገረው እሷ ናት። ሙክታር አፏን ከድምፁ ጋር አሰረው፤ ድምፁ ከፍ ሲል አፏ ይከፈታል፣ ዝቅ ሲል ይዘጋል። አማርኛውን አስገባን፣ ተናገረች። ኦሮምኛውን አስገባን፣ ያው ቀመር፣ ተናገረች። ሶማልኛውንም። «አንድ አፍ፣ ሦስት ቋንቋ! የድሬ ልጅ ናት!» እያለ ሙክታር ክፍሏን ዞራት። ኤፍሬምም ደስ አለው፤ ያዘዙን ሰዎችም አይተው ወደዱት። ማስረከብ ብቻ ነበር የቀረን።

ሙክታር ጉራውን ሊነዛ ብሎ ሐዋን አመጣት። ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች፣ መርፌዎቿ ኮሌታዋ ላይ እንደተሰኩ መጥታ ተቀመጠች። አየች። ልጅቷ አፏን ስትከፍት ስትዘጋ፣ ስትከፍት ስትዘጋ አየች። ከዚያ ወደ ሙክታር ዞራ፣ «ይቺ ልጅ ምን እየቃመች ነው?» አለች።

በሳቅ ሞትን! ሙክታር ራሱ መሬት ላይ ተቀመጠ። እውነትም ስናየው፣ ድምፁን ዘግተን ስናየው፣ ልጅቷ ጉንጯን ሞልታ በርጫ ላይ የተቀመጠች ነው የምትመስለው። ሐዋ ግን አልሳቀችም። እንደገና እንድናሳያት ጠየቀች። ስታበቃ በዚያች ቀጭን ድምፅዋ ቀስ ብላ ተናገረች።

«ተራራውን አየች፣ አፏን ከፈተች ዘጋች። ከዚያ ጎርፍ መጣ። ውጡ ያለችው መቼ ነው?»

ወንበሯን ወደ እኛ አዞረች።

«እኔ ልጅ ሆኜ ደቻቱ ውስጥ ስጫወት ውሃው መጥቶብኛል። ፀሐይ ነበር። ጀርባዬን ሰጥቼ አሸዋ እቆፍር ነበር። ልጆቹ ጮኸው ሮጡ። አንድ የማላውቀው ሰውዬ በቀሚሴ ኮሌታ አንጠልጥሎ አወጣኝ፤ ጮኸብኝ፣ አፉን አየሁት፣ በምን ቋንቋ እንደሚሰድበኝ እንኳ አላወቅኩም።» ስክሪኑን በጣቷ ነካችው። «እናንተ የሠራችሁትን ባየው እኔ አሁንም አሸዋው ላይ ነኝ።»

ሙክታር ታሪኩን ያውቀዋል፤ ከሷ ጋር ስንት ዓመት ኖሯል። ግን ፊቱ አመድ መሰለ። «ይሄን እንደገና እንሠራዋለን» አለ።

«አቦ ሙክታር፣ ተወን!» አለ ኤፍሬም። «አልቋል እኮ! ሰማዩን አታየውም? ዝናቡ ደረሰ!»

«ሰማዩን ስላየሁት ነዋ!»

«እሺ ጽሑፍ እንጨምርበት፣ ከሥር ይለፍ።»

ሐዋ የኤፍሬምን ከንፈር አንብባ፣ «የአምስት ዓመት ልጅ ጽሑፍ ያነባል? ደግሞስ በየትኛው ፊደል?» አለችው። ኤፍሬም እጁን ሰጠ።

ሙክታር መጀመሪያ የሄደው ወደሚያውቀው ነው። አፏን አስተካክላለሁ አለ። «አ» ሲባል እንዲሰፋ፣ «ኡ» ሲባል እንዲሞጠሙጥ፣ «መ» ሲባል እንዲገጥም ቀመር በቀመር ላይ ጻፈ። በእውነት ቆንጆ ነበር! ሐዋ መጥታ ዓይኗን አጥብባ አየችው። «አሁን ትናገራለች» አለች። ሙክታር ሊዘል ሲል፣ «ግን የትኛውን ቋንቋ እንደምትናገር ለማወቅ ስሞክር ጎርፉ ወሰደኝ» አለችው።

ከዚያ ተነሳች። ሜትሯን ከአንገቷ አወረደች። ሁለት እጆቿን ዘርግታ፣ መዳፎቿን ወደ ታች አድርጋ፣ ጣቶቿን እያርገበገበች ወደ እኛ ገፋቻቸው፤ ውሃው። ወዲያው መዳፎቿን ወደ ሰማይ ገልብጣ በኃይል ወደ ላይ አነሳቻቸው፤ ተነሱ፣ ውጡ። ቃል የለም፣ ቋንቋ የለም። እኔ ሳላስበው ከወንበሬ ብድግ ብያለሁ! ኤፍሬምም ቆሟል።

«ይሄ ነው! ወላሂ ይሄ ነው!» አለ ሙክታር፤ ስልኩን አውጥቶ ቀረጻት። አሸዋው ላይ ላለችው ልጅ ይሄን እጅ በቀመር ሊሰጣት ተቀመጠ። ለእጁ ሳይን፣ ለጣቶቹ ሳይን፣ አንዱ ጣት ሌላውን ዘግይቶ ይከተል፣ ሲነሳ ይፍጠን፣ ሲደርስ ይርገብ። ሲጨርስ ያየነው ነገር ዝንብ የምታባርር ልጅ ነበረች። ሐዋ ይሄኔ ነው የሳቀችው። ኧረ እንዴት እንደሳቀች! ሙክታር ቁጥሩን ቀየረ፣ ትራፊክ ፖሊስ ሆነች። ደግሞ ቀየረ፣ ሊጥ የምታቦካ ሆነች። ሐዋ ሆዷን ይዛ «በቃ፣ በቃ» ትላለች፤ እሱ ላቡን እየጠረገ ይጽፋል።

በመጨረሻ ወደሷ ዞረና በእጁም በአፉም ጠየቃት። «ሐዋዬ፣ እጅሽ በምን ይታዘዛል?»

ሐዋ ሳቋን አቆመች። አሰበች። «በምናገረው ሰው ፊት» አለች። «ካልገባው እደግመዋለሁ። ከፈራ አፈጥነዋለሁ። ልጅ ከሆነ ዝቅ እላለሁ።»

ሙክታር ወደ ስክሪኑ ተመለሰ። ቀመሩን ሁሉ ከልጅቷ እጅ ላይ አንድ በአንድ አጠፋው፤ ሳጥኗን ባዶ አደረጋት። ከዚያ ከወንበሩ ተነስቶ ማውሱን እጄ ውስጥ አስቀመጠልኝ።

«ብሬ፣ ይሄን አንቺ ሥሪው። በእጅሽ። ሐዋ ፊትሽ ትቁም፤ እያየችሽ ትናገር።»

ይሄን ሲለኝ የተሰማኝን ደስታ እንዴት ልንገራችሁ! ሐዋ መስኮቱ ጋ ቆመች፣ ተናገረች፣ ደገመች፤ እኔ ጣት በጣት፣ ምልክት በምልክት ሠራሁት። ስትቆጣኝ እያፈጠንኩ፣ ስታባብለኝ እያዘገየሁ። ግን ችግር ነበረ። እጁ በተቀየረ ቁጥር ፊልሙ ሁሉ ይቀየራል፤ ውሃው መቼ እንደሚመጣ፣ ሰዉ መቼ እንደሚነሳ፣ ሰማዩ መቼ እንደሚጠቁር። ሐዋ አንዲት ጣት ባስተካከለች ቁጥር ያንን ሁሉ እንደገና መሥራት ቢኖርብን ዝናቡ አልፎ ጥቢ ይመጣ ነበር። ኤፍሬም ጭንቅላቱን ይዞ ቁጭ ብሏል።

ሙክታር ከሰዓት በኋላ በዚያ ሀሩር ደረጃውን እየዘለለ መጣ። «አገኘሁት! ወላሂ አገኘሁት! እጇ በምንም ካልታዘዘ፣ ሁሉም ነገር በእጇ ይታዘዛ!»

ውሃ እንኳ አልጠጣም። ተቀመጠና ያሰረውን ልንገራችሁ። የልጅቷ ጣቶች በተርገበገቡ መጠን ከተራራው ላይ ደመናው ይጠቁራል። እጇ ወደ ፊት በተገፋ መጠን ጎርፉ ይቀርባል። መዳፏ ወደ ላይ ሲነሳ አሸዋው ላይ ያለው ሰው ሁሉ፣ ከእሷ በራቀ ቁጥር ትንሽ እየዘገየ፣ አንዱ ሌላውን ተከትሎ ይነሳል። የነጋዴው ሸራ ሳይቀር፣ የልጆቹ ኳስ ሳይቀር ታሰረ። እኔ አንድ እጅ አንቀሳቅሳለሁ፤ ከተማው በሙሉ ይንቀሳቀሳል! ሐዋ «ትንሽ ቀድማ ታንሳው» ስትል እኔ እጁን ቀደም አደርገዋለሁ፤ ሰማዩ፣ ውሃው፣ ሰዉ ራሱን ያስተካክላል። ሦስታችን እየጮኽን ነበር የምንሠራው። ከታች የስፒከር ሻጮቹ «ሰላም ነው?» ብለው ወጥተው፣ አይተው፣ እነሱም መጮህ ጀመሩ። አፏን ተውነው፤ ድምፁ በሦስት ቋንቋ ከጀርባ ይናገራል፣ እጁ ግን ለሁሉም አንድ ነው።

በቀኑ አስረከብን። መጀመሪያ የታየው አንድ ትምህርት ቤት አዳራሽ ውስጥ ነው። ከመሥሪያ ቤቱ የመጡት ሰውዬ ሲያዩ ቆዩና፣ «ልጅቷ ለምንድን ነው አፏን የማታንቀሳቅሰው?» አሉ። ሙክታር ሊያስረዳ አፉን ሲከፍት ሐዋ ክንዱን ያዘችውና ወደ ፊት አመለከተች። ከፊት የተቀመጡት ሕፃናት፣ የሚሰሙትም የማይሰሙትም፣ እጃቸውን እየገፉ ወደ ላይ እያነሱ ነበር። ሰውየው አዩና ጥያቄያቸውን ተዉት።

ከዚያ ነው ከጅግጅጋ ጥሪ የመጣው። ፊልሙን ያየ ሰው፣ መስማት የተሳናቸው ሕፃናት የሚማሩበት ክፍል አለን፣ ያቺን ሴት ስጡን አለ። ሐዋ ስፌቷን ዘጋች። ሙክታርን ሰው ሁሉ ቀለደበት፤ «አንተ ደግሞ እዚያ ሄደህ ምን ልትሆን ነው?» ሲሉት፣ «እሷ ስትንቀሳቀስ እኔ እንቀሳቀሳለሁ፤ ትንሽ ዘግይቼ!» ይላቸዋል። ዘግይቶም ኖሯል ለካ፤ ሐዋ ቀድማ ሄዳ እሱ በኋላ ነው የተከተላት።

ይሄን ወሬ ከባለ ባጃጁ በሰማሁበት ሳምንት ነው። ከሰዓት በኋላ የደቻቱን ድልድይ በእግሬ ስሻገር ፀሐዩ ያቃጥላል፣ ተራራው ግን ጥቁር ብሏል። ቀና ብዬ አየሁት፤ ቁልቁል አሸዋውን አየሁት። ሰው ሞልቶታል! ልብስ የዘረጋ አለ፣ ኳስ የሚጫወቱ ልጆች አሉ፣ አንዱ ደግሞ በትልቅ ስፒከር ሙዚቃ ለቋል። «ውጡ! ኧረ ውጡ!» ብዬ ጮህኩ። ማን ይሰማኛል! ለራሴም አልተሰማኝም።

ከማዶ፣ ዳሩ ላይ የቆመች አንዲት ትንሽ ልጅ ተራራውን ስታይ አየኋት። ሁለት እጆቿን ዘረጋች፣ ጣቶቿን አርገበገበች፣ ገፋቻቸው፣ ወደ ላይ አነሳቻቸው። ከኳስ ተጫዋቾቹ መሀል በረኛው አያት፤ ኳሱን ትቶ ያንኑ አደረገ። ከዚያ ሌላው። ከዚያ ልብስ የዘረጋችው ሴትዮ ቀና ብላ አየቻቸውና ሸራዋን መጠቅለል ጀመረች። እጆች ከዳር እስከ ዳር ተነሱ! እኔም ድልድዩ ላይ ሆኜ ሁለት እጄን አንስቻለሁ፣ ዕቃዬ መሬት ወድቋል፣ አለቅሳለሁ። ባለ ስፒከሩ መጨረሻ ላይ ነው የነቃው፤ ስፒከሩን ተሸክሞ ሲሮጥ ሙዚቃው እንኳ አልጠፋም።

ውሃው መጣ። ቡናማ፣ የዛፍ ግንድ የተሸከመ፣ አሸዋውን ከዳር እስከ ዳር ሞላው። የረሱትን ሸራና አንድ ኳስ ወሰደ። ሰው አልነበረበትም።

ልጆቹ ዳር ላይ ቆመው እየጨፈሩ ሳለ ወርጄ አጠገባቸው ሄድኩና በቪዲዮ ደወልኩ። ይሄኔ ስልኩ ተከፍቷል! የሙክታር ፊት ወጣ፤ ገና «ብሬ…» ሲል ስልኬን ወደ ውሃው፣ ከዚያ ወደ ልጆቹ አዞርኩት። «አሁን ነው የወጡት! በእጅ! አንዷ ጀመረችው፣ ሁሉም ተነሱ! ለሐዋ አሳያት!» አልኩት።

ምስሉ ተወዛወዘ፣ ጣሪያ አየሁ፣ ከዚያ ሐዋ ወጣች። ስልኩን የያዘላት እሱ ነው፤ ሁለቱም እጇ ነፃ እንዲሆን። ውሃውን ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ እጆቿን አንስታ ለልጆቹ ተናገረቻቸው፤ ገፋች፣ አነሳች። በጭቃ የተነከሩት ልጆች ወደ ስልኬ ተጋፍተው፣ ያንኑ መለሱላት። ምስሉ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ የያዘው ሰው እያለቀሰ መሆኑ ገባኝ።

ዳሩ ላይ ቆማ የጀመረችው ልጅ ቀሚሴን ሳበችኝ።

«ይቺ ሴትዮ ማን ናት? ፊልሙን አይታው ነው?»

«አይ» አልኳት። «እጁ የሷ ነው።»